ወንድሜ ፒክአፑ ላይ የገጠማት በተን

ፒክአፑ ከግቢው በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ከዚያ አልተነቃነቀም። ልናንቀሳቅሰው ሳንፈልግ ቀርተን አይደለም። አልነሳ ብሎን ነው።

በሩ በአሮጌው ቁልፍ ይከፈታል። ጠዋት ጠዋት ገብቼ እቀመጣለሁ። ከመሪው ጎን ያለችው ክብ በተን ዙሪያዋን ቀይ ታበራለች። ስጫናት ብልጭ ብልጭ ትልና ተመልሳ ቀይ ትሆናለች። ሪሞቷ አጠገቧ ካልሆነች ማንንም አታውቅም። ሪሞቷን ደግሞ አጥተናታል። መሳቢያ ፈትሸናል፣ አልጋ ሥር አይተናል፣ ከሆስፒታል ይዘነው የተመለስነውን ፌስታል ገልብጠናል። የለችም።

መለዋወጫ የሚሸጠው ልጅ ሪሞት ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉውን ዕቃ እንደ አዲስ ግዙ አለን። ሰፈራችን ያለው መካኒክ ደግሞ ለምን ትቸገራላችሁ፣ ሁሉንም ነቅዬ እንደ ድሮው በቁልፍ አደርገዋለሁ አለ። ቀጠሮው ለአርባው ማግስት ሆነ።

እኔ እንዲነቀል አልፈለግሁም። ግን ምን ብዬ ልናገር? የወንድሜ ሚስት መኪናው ያስፈልጋታል። ሥራቸው ካምፓላ ካለው ከኪኩቦ ገበያ ምስርና ሩዝ፣ ከአገር ቤት ደግሞ በርበሬና ሽሮ እያመጡ ለእኛ አገር ሰዎች ምግብ ቤቶች ማድረስ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ አንዱን ቀን መኪና ትከራያለች፣ አንዱን ቀን ኩንታሉን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ አሳስራ ከኋላው በሌላ ቦዳ ትከተላለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛ። ያንን እያየሁ «ተዉት፣ የእሱ እጅ ሥራ ነው» ማለት አልቻልኩም።

የእሱ እጅ ሥራ ነው ስል እንዲሁ ለማለት አይደለም። እኔም አብሬው ነበርኩ።

ፒክአፑን ሲገዛው አሮጌ ነበር። የቁልፉ ማስገቢያ ከማለቁ የተነሳ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን መዝዞ ማውጣት ይቻላል። ለማስነሳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያስገባል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል፣ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይደግፋል፣ ከዚያ ያዞራል። ከእሱ በቀር የሚችለው አልነበረም። እኔ ስሞክር መኪናው ዝም ይላል። እሱ ሲነካው ይነሳል። «ፈረስ ነው፣ ጌታውን ያውቃል» ይለኝ ነበር።

ጋሼ ነበር የምለው፤ ጋሼ ብዬ ግን አንተ እለዋለሁ። እናታችን ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር፣ ወይ ጋሼ በለው ወይ አንተ በለው ትላለች። በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። እሱ መጀመሪያ ወደ ካምፓላ መጣ፣ እኔን ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ አስመጣኝ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት እዚህ ነው። አዲስ አበባ ሹፌር ስለነበር መሪ በግራ ለምዷል። እዚህ በቀኝ ነው። ዓመት ሙሉ ያለ ሐሳቡ በግራ በር ይገባ ነበር። ገብቶ ሲቀመጥ ፊቱ መሪ የለም። ሰው እያየው ከሆነ ጎንበስ ብሎ የሆነ ዕቃ የሚፈልግ ይመስላል፣ ከዚያ ወጥቶ ዞሮ በቀኝ ይገባል። እኔ ሳቄን አፍኜ መንገዱን አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ኪኩቦ መሀል ቁልፉ አልዞር አለው። ኪኩቦን የማያውቅ ሰው ካለ፣ መኪና ለመኪና መተላለፊያ የሌለው፣ ሰው ኩንታል ተሸክሞ በመኪናዎች መካከል የሚሮጥበት ጠባብ መንገድ ነው። እዚያ የቆመ መኪና የጉሮሮ አጥንት ነው። ከኋላችን ጥሩንባው ቀለጠ። ተሸካሚዎቹ ኮፈኑን በመዳፋቸው እየደበደቡ «ሴቦ፣ ልቀቅ መንገዱን» ይሉታል። ሴቦ ጌታዬ እንደማለት ነው፤ እነሱ ግን ሲናደዱም ሴቦ ነው የሚሉት። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየሁት። በመጨረሻ ተነሳለት። ወደምንኖርበት ወደ ሙየንጋ ዳገቱን ወጣን። ግቢ ስንደርስ ቁልፉን እንደ ባዕድ ዕቃ እያየ «ከዚህ በኋላ አንተና እኔ ተለያየን» አለው።

በማግስቱ የእሁድ ቅዳሴ ቀረበት። ሰኞ ዕለት አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ አንድ ጥቁር ሳጥን፣ የገመድ ጥቅል፣ ክብ በተንና ሁለት ሪሞቶች አሉ። ፑሽ ስታርት ነው፣ የሀብታም መኪና ላይ ያለው። መመሪያው በቻይንኛ ነበር። ሥዕሉ ግን በሁሉም ቋንቋ ነው አለ።

ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ጠዋት ዕቃ እናደርሳለን፣ ከሰዓት ግቢ ውስጥ በሩን ከፍተን መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈን እንሠራለን። እሱ ጀርባውን ወንበሩ ሥር አድርጎ ጭንቅላቱን ከመሪው በታች ያስገባል። እኔ ባትሪ አበራለታለሁ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብለዋለሁ፣ ናስትሮ በጥርሴ ቆርጬ እሰጠዋለሁ። «ቀዩን ያዝ። አይ፣ የእሱን ወንድም፣ ወፍራሙን።» ገመዶቹን ሁሉ ወንድምና እህት ያደርጋቸው ነበር። መሪውን የምትቆልፈውን ትንሽ ብረት አውጥቶ በመዳፌ ላይ አስቀመጠ፤ ይህቺ ከቀረች መሪው መንገድ ላይ ተቆልፎ ይገድለናል አለና መልሶ ኪሱ ከተታት። ከፍሬን መብራቱ ገመድ ላይ አንዱን ቆርጦ ወደ ሳጥኑ አመጣ። ፍሬን ካልተረገጠ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። ከሁሉ አብልጦ ያስጠናኝ ግን አንድ ነገር ነበር።

«ማሙሽ፣ ሳትጫናት በፊት ማርሹን ነቅነቅ። ቁልፍ ስታዞር ጊዜ ይሰጥሃል። ይህቺ ጊዜ አትሰጥም። ማርሽ ውስጥ ከሆነ ዘሎ ግንብ ላይ ነው።»

አድጌም ማሙሽ ነው የሚለኝ። አሁን የሚለኝ የለም።

ዳሽቦርዱን በመሰርሰሪያ ሲበሳው የወንድሜ ሚስት ከምንኖርበት ከኋላ ቤት ወጥታ መጣች። እታለም ነው የምላት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችን። ደህናውን መኪና ቀዳችሁት አለች። ከዚያ ዓይኗ ጃኬቱ ላይ አረፈ። ያ ቡናማ ጃኬት የውስጥ ኪሱ ቀዳዳ ነው፤ ቡሎንና ሳንቲም ሲጨምርበት ወደ ገበሩ ይወርዳል። የሆነ ነገር ሲጠፋው ጃኬቱን አራግፎ ያዳምጣል። ስጠኝ ልስፋልህ ስትለው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው። ተይው፣ ካዝናዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፍሬን ረገጠ፣ ማርሹን ነቀነቀ፣ ተጫናት። ቀይዋ ሰማያዊ ሆነች፤ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ ተነሳ። አጠፋውና እንደገና አስነሳው። ከመኪናው ወርዶ ሪሞቷን ኪሱ ውስጥ አድርጎ እስከ ኋላ ቤት ሄደ፤ መኪናው ጠቅ ብሎ ራሱን ቆለፈ። ሲመለስ፣ ገና እርምጃ ሲቀረው፣ ጠቅ ብሎ ተከፈተና የጎን መብራቶቹ ብልጭ አሉ። «አየኸው? ሰላም ይለኛል» አለኝ። ያን ዕለት ስንት ጊዜ እንደሄደና እንደተመለሰ እንጃ። የጎረቤት ዘበኛ ሮሌክሱን እየበላ፣ ያ በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል በእጁ እንዳለ፣ ቆሞ ያየው ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሄደ። ሊያስባርከው ነው። የእኛ ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ጸበል ያስረጫል፤ እሱ ለአዲስ በተን አስረጨ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከበቡት። አባም መስቀላቸውንና የጸበሉን ዕቃ ይዘው መጡ። ወደ ውስጥ አጎንብሰው አዩና ቁልፉ የታለ አሉት።

«ቁልፍ የለውም አባ። በጣት ነው።»

«እንግዲያው ጣትህን ነዋ የምባርከው» አሉ።

ሰው ሳቀ። ወንድሜም በደስታው የሚያደርገውን አጣ። አንዷ ሪሞት ኪሱ ውስጥ ናት፤ ሁለተኛዋን፣ የእኔን፣ ከዳሽቦርዱ ላይ አኖራት፣ እሷም ትባረክ ብሎ። ከበተኗ በታች ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ገና አልመለሰውም ነበር፤ ገመዶቹን አንድ ጊዜ ላያቸው እፈልጋለሁ ብሎ ትቶታል። አባ ደግሞ ጸበል አይቆጥቡም። እጃቸውን እየነከሩ ኮፈኑን፣ ጎማውን፣ መሪውን ረጩ። በመጨረሻ የቀረውን ውኃ እንዳለ ወደ ውስጥ ለቀቁት። አሜን አልን።

ወንድሜ ገብቶ ተጫናት። በተኗ ትበራለች፣ ሞተሪኖው ግን ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም። የእኔ ሪሞት ውኃ ውስጥ ተኝታለች። ከሳጥኑ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ማንም ጸበሉ አበላሸው ለማለት አልደፈረም። አባ ራሳቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

መኪና ተገፍቶ እንዴት እንደሚነሳ ያስተማረኝ ያኔ ነው። መንዳት ገና ጀማሪ ነበርኩ። እኔን መሪው ላይ አስቀመጠና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ በቀስታ ነገረኝ። ፍሬን ሳትረግጥ ሁለቴ ተጫን፣ መብራቶቹ ሁሉ ይበራሉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮን ረግጠህ ጠብቅ። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ልቀቅ አልኩህ ማለት ልቀቅ። ከዚያ ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከኋላ ገፋ። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ይገፋል። እታለም ነጠላዋን አገልድማ በእሱ ጎን እየገፋች የተናገረችውን እስከ መሪው ድረስ ሰማሁት።

«ገፍተን ለማስነሳትማ ቁልፉስ ምን በድሎህ ነበር?»

«ልቀቅ!» አለ እሱ በሳቅ መካከል። ለቀቅሁ። ተነሳ።

ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ ዳነለት። የእኔ ሪሞት ግን አልዳነችም። አልተበላሸችም፣ መንናለች እንጂ አለና በክር አስሮ መስታወቱ ላይ ከመስቀሉ ጎን ሰቀላት። እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ከዚያ በኋላ የምትሠራው የእሱ ብቻ ሆነች።

ያ ጥሩ ዓመት ነበር። ጠዋት ዕቃ ጭነን ስንወጣ ማርሹን ነቅንቄ እንድጫናት ይፈቅድልኛል። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ሥር ላለች ምግብ ቤት ምስር ስናደርስ ተማሪዎቹን እያሳየኝ፣ አንተም እዚህ ነው የምትገባው ይለኛል። ነጥቤ እንደማያስገባኝ እሱም ያውቃል። ቢሆንም በየሳምንቱ ይለኛል። እኔም በየሳምንቱ እሺ እለዋለሁ።

ሲታመም እኔ አልነበርኩም። ዕቃ ላደርስ በቦዳ ወጥቼ ነበር። ሆዱን ያዘው፣ መንዳት አልቻለም፣ ጎረቤት በመኪናው አደረሰው። ሹራብ ለብሶ ነበር የሄደው። ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

እስከ አርባው ድረስ እታለም ልብሱን ከተሰቀለበት አላነሳችም። ልብሱ እንደተሰቀለ ኪሶቹን በእጇ ዳብሳለች፣ ባዶ ናቸው አለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። የምንኖረው ከትልቁ ቤት ጀርባ ባሉት ክፍሎች ነው፣ መኪናው ከፊት ከበሩ አጠገብ። በየጠዋቱ ገብቼ ስቀመጥ የበተኗ ቀይ እየደከመ ሲሄድ አያለሁ። ባትሪው እያለቀ ነው። ማርሹን እነቀንቃለሁ። እጫናለሁ። አታውቀኝም።

አርባው ወጣ። በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ በፌስታል የቁልፍ ማስገቢያ ይዞ መጣ። ከእኛ አገር ሰዎችም የድንኳኑን ወንበር ለመመለስ የመጡ ሦስት አራት ነበሩ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ፣ ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቀኝ። የትኛው ገመድ የማን ወንድም እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ላሳየው ጎንበስ አልኩ።

በዚህ መካከል እታለም ከኋላ ቤት የልብሱን ጥቅል ተሸክማ ወጣች። ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለተቸገሩ የሚሰጥ። ሸሚዞቹን በአንሶላ አስራቸዋለች። ጃኬቱ ብቻ በክንዷ ላይ ነበር። ማንንም ሳታይ በመኪናው ጎን ልታልፍ ስትል፣

ጠቅ።

በሩ ተከፈተ። የጎን መብራቶቹ ደከም ብለው ብልጭ አሉ።

ቆመች። እኔም ቀና አልኩ። መካኒኩ እጆቹን ከሞተሩ ላይ አነሳና ምንም አልነካሁም አለ። እታለም ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ እስከ ኋላ ቤት ደጃፍ። ጠቅ፣ ተቆለፈ። ተመለሰች። ጠቅ፣ ተከፈተ። ፊቷን አየሁት፤ እንደገና ሄደች። እንደገና መጣች። ማንም አላስቆማትም። እሱ ያን ቀን ሲመላለስ እሷም ደጃፍ ላይ ሆና አይታው ነበር።

ከዚያ ጃኬቱን በሁለት እጇ ይዛ አራገፈችና ጆሮዋን አስጠጋች። ገበሩ ውስጥ፣ ከታች ከስፌቱ ጋር፣ የሆነ ነገር ኳኳ።

«እዚህ ናት» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ግባና አስነሳው» አለችኝ።

ገባሁ። ጃኬቱን በመስኮት አቀበለችኝ፣ አጠገቤ ወንበሩ ላይ አኖርኩት። በተኗ ሰማያዊ ሆናለች። ደካማ ሰማያዊ። ማርሹን ነቀነቅሁ፣ ፍሬን ረግጬ ተጫንኩ። ሞተሪኖው ጠጠጠጥ አለና ዝም። ባትሪው ለማወቅ እንጂ ለማስነሳት አቅም አልቀረውም።

መካኒኩ ሳቀ። ኮፈኑን ዘጋና ፌስታሉን ግንቡ ላይ አስቀመጠ። ከደጃችን ጀምሮ የሙየንጋ ቁልቁለት ነው። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ወንበር ሊመልሱ የመጡት ሰዎች፣ መካኒኩ፣ የጎረቤት ዘበኛ፣ ሁሉም ከኋላ ሄዱ። እኔ ፍሬን ሳልረግጥ ሁለቴ ተጫንኩ። የዳሽቦርዱ መብራቶች በሩ። ሁለተኛ ማርሽ። ፍሪሲዮን። መኪናው ቀስ ብሎ ከቦታው ለቀቀ፤ ጎማዎቹ ከቆሙበት አፈር ላይ ሲላቀቁ ተሰማኝ። በመስታወቱ እታለምን አየኋት። ጥቅሉን ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ወርውራ፣ ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ፣ በቀኝ በኩል ትገፋለች። እያለከለከች ተናገረች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አላውቅም።

«ገፍተን ለማስነሳትማ ቁልፉስ ምን በድሎህ ነበር?»

ፍጥነት ያዘ። ልቀቅ የሚለኝ ሰው ጠበቅሁ። ልቀቅ ያለኝ የለም። ለቀቅሁ።

ተነሳ።

ከታች ዞሬ ስመለስ ሞተሩን አላጠፋሁትም። እታለም ገብታ ጃኬቱን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። መካኒኩ ፌስታሉን አንስቶ፣ ወንድምህ እንድሠራ አልፈቀደልኝም አለኝና ወደ ጋራዡ ወረደ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሸሚዞቹን ሰጠን። ከዚያ ኪኩቦ ገብተን ሩዝ ጫንን። ጃኬቱ በመካከላችን ነበር፤ ያለ እሱ መኪናው አይነሳም።

ብዙ ቀን እንደዚያ ጃኬቱን ይዘን ሠራን። አንድ እሁድ ከሰዓት ምላጭ አምጥታ ገበሩን በጥንቃቄ ፈታችው። ሪሞቷ ወጣች። ቡሎኖች፣ የኡጋንዳ ሳንቲም፣ አንድ የአገር ቤት ሳንቲም፣ እና ያቺ መሪውን የምትቆልፈው ትንሽ ብረት። ሪሞቷን ለእኔ ሰጠችኝ። ብረቷን በእጇ ይዛ ቆየችና መሶብ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

ጃኬቱን ለጎረቤት ዘበኛ ልትሰጠው ነበር፤ የካምፓላ ዝናብ ሲመጣ የሚለብሰው የለውም። ልጠራው ስነሳ ቆይ አለችኝ። መርፌና ቡናማ ክር አወጣች፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ገበሩን መለሰች። ከዚያ የውስጥ ኪሱን ገልብጣ ቀዳዳውን መስፋት ጀመረች።

«ቀዳዳ ኪስ ያለው ልብስ ለሰው አይሰጥም» አለች።